ጾምና ራስን ማስራብ

በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን የምንጽፈው በማዕድ ዙሪያ ስለሚጀምር፥ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ስለሚያድር አንድ ሕማም ነው። ይኸውም ልጅ ምግብን ሲሸሽና፥ ቆይቶም በገዛ እጁ በሥጋው ላይ ጉዳት ሲያደርስ የሚታየው ሕማም ነው። ብዙ ሰዎች ይህን የፈረንጅ አገር ቅምጥሎች በሽታ ነው ብለው ይገምታሉ። እኛም ነገሩን እስክንመረምረው ድረስ እንዲሁ ይመስለን ነበር።

ለማስረዳት ያህል በደብረ ብርሃን ከተማ ያለ አንድ ቤት በሐሳባችን እናቁም። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠ ስለ ሆነ ብርዱ ጽኑ ነው፤ ሰውም ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ይውላል። በዚህ ቤት ያለች የ16 ዓመት ልጅ ዐቢይ ጾም ሲገባ ከወላጆቿ ጋራ መጾም ጀመረች እንበል። ሌላው ሰው ከቅዳሴ በኋላ ሲመገብ እርሷ እስከ ማታ ትቆያለች፤ እናቷም የልጇን ጽናት አይታ ደስ ይላታል። ፋሲካ በሆነ ጊዜ ዶሮው ይቀርባል፤ ልጅቱ ግን ሆዴን አሞኛል ብላ ከማዕዱ ትነሣለች። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀኖች፥ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ወራት፥ እርሷ መጾሟን አልተወችም። ሁሉም ባንድ መሶብ ስለሚበላ ማን ስንት ጊዜ እንደ ጐረሰ የሚቈጥር የለም፤ የሰውነቷንም መክሳት ጋቢው ይሸፍነዋል። ከብዙ ጊዜ በኋላ እናት የልጇን ጠጕር ስትሠራ በክንዷ ላይ ጠባሳ ታያለች። ልጅቱም ወድቄ ነው ትላለች።

እንግዲህ ይህች እናት ስታይ የቆየችው ጾምን ነው ወይስ በሽታን? ጾም ወሰን አለው፤ የሚገባበት ቀንና የሚፈታበት ሰዓት የታወቀ ነው። ፍትሐ ነገሥትም በ15ኛው አንቀጽ ስለ ጾም ሥርዓት ሲደነግግ የሕመምተኛን ድካም አልዘነጋም። ጿሚ ሰው የፋሲካን ሌሊት ይናፍቃል፤ ይህችኛይቱ ግን ፋሲካን ትፈራለች። ልዩነቱን ከዚህ ይበልጥ የሚገልጥ ምልክት ለማግኘት ያስቸግራል።

የሕክምና ሊቃውንት ለዚህ በሽታ ስም ከሰጡለት ዘመኑ ቀላል አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1873 ዓ.ም. የእንግሊዙ ሐኪም ሰር ዊልያም ገልና የፈረንሳዩ ሐኪም ሻርል ላሴግ እያንዳንዳቸው በየበኩላቸው ገልጸውታል፤ አኖሬክሲያ ኔርቮዛ የተባለውም ገል በሰጠው ስም ነው። ከዚህ ሌላ ከመጠን በላይ በልቶ በኋላ በጸጸት ምግቡን ማስወጣት የሚያስከትል ቡሊሚያ የሚባል ዓይነትም አለ፤ እንዲህ ያለው በሽተኛ ብዙ ጊዜ ሰውነቱ ስለማይከሳ ለመታወቅ ይበልጥ ያስቸግራል። በአፍሪካም ቢሆን፥ በ2004 በወጣ ጥናት በሰሜን ምሥራቅ ጋና ከተመረመሩት 668 ሴት ተማሪዎች መካከል 10 የሚሆኑት ራሳቸውን በማስራብ የከሱ ሆነው ተገኝተዋል፤ እነርሱም ከምግብ መከልከላቸውን እንደ መንፈሳዊ በጎ ሥራ ይቈጥሩት ነበር። በአዲስ አበባ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መካከል ተደርጎ በ2016 የታተመ ጥናትም የተዛባ የአመጋገብ ጠባይ ከመቶው በ8 ወይም በ9 ላይ መታየቱን አመልክቷል። ስለዚህ ነገሩ ከደጃችን የራቀ አይደለም።

አሁን ደግሞ ወደ ጠባሳው እንመለስ። ሰው በልቡ ሐዘን ሲበዛበት ሥጋውን መጉዳቱ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በለቅሶ ቤት ሴቶች ፊታቸውን ሲነጩ፥ ደረታቸውን ሲደቁ ያላየ ሰው የለም፤ ካህናትም ሲገሥጹት ኖረዋል። ነገር ግን አልቃሽዋ በሰው ፊት ታደርገዋለች፥ የሚይዛትና የሚያጽናናትም አላት። ራሱን በስውር የሚጐዳ ልጅ ግን ያዥም አጽናኝም የለውም። እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲጠየቁ አብዛኞቹ የሚናገሩት መሞትን ፈልገው ሳይሆን፥ የማይቻል ጭንቀት ለጥቂት ጊዜ እንዲቀልላቸው ወይም የደነዘዘ ልባቸው እንዲነቃ ብለው እንዳደረጉት ነው። እፎይታው ግን አጭር ነው፤ ኀፍረት ይከተለዋል፥ ኀፍረቱም መልሶ ወደዚያው ይነዳል። ከምግብ መሸሽም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በብዙ አገር የተደረጉት ጥናቶች ተሰብስበው በ2016 ሲመዘኑ፥ የአመጋገብ መዛባት ካለባቸው ሰዎች ከመቶው 27 ያህሉ በሕይወታቸው ራሳቸውን ጐድተው የሚያውቁ ሆነው ተገኝተዋል።

ረኃብ ራሱ ልቡናን እንደሚለውጥ ማስረጃ የሚሆን አንድ ታሪክ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፥ በ1944ና በ1945፥ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባለ ሊቅ በጦርነት የተራቡትን ሰዎች እንዴት አድርጎ መመገብ እንደሚገባ ለማወቅ ብሎ 36 ጤነኛ ጐልማሶችን በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ምግብ አሳነሰባቸው። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። እነዚያ ቀድሞ ብርቱና ደስተኛ የነበሩ ሰዎች ተቈጡ፥ ተከዙ፥ ከሰው ተለዩ፤ ቀንና ሌሊት የሚያስቡት ስለ ምግብ ብቻ ሆነ። ከእነርሱም አንዱ በገዛ እጁ ክፉኛ ቈሰለ፤ ሆን ብሎ ይሁን ሳያስበው ይሁን ለራሱም አልተገለጠለትም። ጤነኛው እንዲህ ከሆነ፥ አስቀድሞ በልቡ የተጨነቀ ልጅ ሲራብ ምን እንደሚሆን አንባቢ ይገምተው።

በየቤቱ የሚሰማው ፍርድ ግን ሌላ ነው። አንዱ «ጥጋብ ነው» ይላል፤ ስለሚራብ ሰው ጥጋብ ነው ማለት ከነገር ሁሉ ያስደንቃል። ሌላው የክፉ መንፈስ ሥራ ነው ብሎ ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ወደ ሌላ ጠበል ይወስዳታል። በጠበል ማመንን የምንነቅፍ አይደለንም። ነገር ግን ጠበል በባዶ ሆድ የሚጠጣ ስለ ሆነ የከሳችው ልጅ ብዙ ቀን ሳትበላ እንድትቆይ ምክንያት እንዳይሆንባት ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ከማንም ይልቅ የሚረዳ የንስሐ አባት ነው። እናት ብትለምን የማትሰማ ልጅ፥ አባ «እኔ ፈትቼሻለሁ፤ ለጊዜው ጾምሽ መብላት ነው» ቢሏት ልትሰማ ትችላለች።

ጠባሳውን ያየ ወላጅ አይጩኽ፥ አይምታ፥ በዘመድ ፊትም አያጋልጥ። ብቻዋን አስቀምጦ በለዘበ ቃል ይጠይቃት፤ ለመሞት አስበሽ ታውቂያለሽን ብሎ መጠየቅም አያስፈራው፤ መጠየቁ ሐሳቡን በልቧ አይተክለውም። አዎን ካለች ብቻዋን አትተው፥ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ትወሰድ። በደብረ ብርሃን ለዚህ ከአጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል መድረስ ይቻላል፤ በአዲስ አበባም የቆየው የአማኑኤል ሆስፒታል አለ። ብዙ ጊዜ የተራበ ሰው በድንገት ብዙ ቢመገብ በደሙ ያሉት ጨዎች ተዛብተው ልቡን ሊጐዱት ስለሚችሉ፥ አመጋገቡን ሐኪም ይመጥነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው የቤት ነው። በለንደን በሞዝሊ ሆስፒታል በ1980ዎቹ የተጀመረውና ዛሬ ለልጆች ከሁሉ የተመረጠው ሕክምና፥ ወላጆች ራሳቸው ማዕዱን እንዲመሩ የሚያደርግ ነው። የኛ መሶብ ለዚህ የተመቸ ይመስለናል። ሆኖም በግድ የሚሰጥ ጉርሻ ጭንቀትን ያብሳል፤ ለጊዜው ድርሻዋ በሳሕን ተለይቶ ቢቀርብ፥ ስለ ክሳትና ስለ ውፍረትም በማዕድ ላይ ባይወራ ይሻላል። ጭንቀቱ የሚበረታው ከተበላ በኋላ ባለችው አንድ ሰዓት ነውና፥ እናት በዚያች ሰዓት ወደ ጓዳ ከመሄድ ይልቅ ቡናውን አቅርባ ከልጇ አጠገብ ትቀመጥ፤ ዕቃውን ሌላ ሰው ይጠበው።