ማዕድ ለሚወድ ቤተሰብ የትኛው ወደብ ይሻላል?

በዐረብኛ ቋንቋ «መርሳ» ማለት መርከብ መልሕቋን ጥላ የምታርፍበት ስፍራ ማለት ነው። በግብፅ የቀይ ባሕር ጠረፍ መርሳ ዐለም፣ በሜዲትራኒያን ጠረፍ ደግሞ መርሳ መጥሩሕ የሚባሉ ከተሞች አሉ። የሀብሩዋ መርሳ ግን ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ርቃ የተቀመጠች ከተማ ናት። የስሟን አመጣጥ ለታሪክ አዋቂዎች እንተወው። የአካባቢው ልጆች ከባሕር ጋር ያላቸው ትውውቅ ግን የቆየ ነው። ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ቀበሌዎች ተነስቶ አሰብ የሠራ፣ ጅቡቲ የነገደ ወይም ጂዳ የኖረ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ብዙ ነው።

ዛሬም በየቤቱ ምክክሩ አለ። «ልጆቹን ይዘን ወደ ባሕሩ እንውረድ ወይ? ከወረድንስ የት?» ይባላል። ሥራው ይነሳል፣ ደመወዙ ይነሳል፣ የቤት ኪራዩ ይነሳል። የሚበላው ነገር ግን «እሱ አይቸግርም» ተብሎ ይታለፋል። ውድ አንባቢያን! ቤተሰብ በየቀኑ የሚገናኘው ገበታ ላይ ነው። ጥሩ ምግብ መውደድ ነውር አይደለም። አላህ (ሱ.ወ) ከመልካሙ ነገር እንድንበላ ፈቅዶልናል፤ ያስጠነቀቀን ከማባከን ነው። ስለዚህ ሦስቱን የቅርብ ወደቦች፣ አሰብን፣ ጂዳንና ጅቡቲን፣ እስቲ በማዕዳቸው እንመዝናቸው።

የባሕር ምግብ ይበላል?

ከባሕር ርቆ ላደገ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። በሱረቱል ማኢዳህ 96ኛ አንቀጽ የባሕር አደንና ምግቡ የተፈቀደ መሆኑ ተገልጿል። ዓሣ እንደ በግና እንደ ዶሮ መታረድ አያስፈልገውም። ቡኻሪና ሙስሊም ከጃቢር (ረ.ዐ) የዘገቡት ታሪክም አለ። በአቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) መሪነት የዘመቱ ሦስት መቶ ሰሐቦች ስንቃቸው አልቆ በቀን አንዳንድ ተምር እስከ መከፋፈል ደረሱ። በኋላም ባሕሩ አንድ ግዙፍ ዓሣ ወደ ዳር አወጣላቸው። ከእርሱም ለብዙ ቀናት በሉ። መዲና ተመልሰው ሲናገሩ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ የሰጣቸው ሲሳይ መሆኑን ነገሯቸው፤ ከተረፈውም ቀመሱ።

በዝርዝሩ ላይ ግን መዝሀቦች ይለያያሉ። የሐነፊ መዝሀብ ከባሕር እንስሳት የሚፈቅደው ዓሣን ብቻ ነው። የሻፊዒ መዝሀብ ከዚያ ሰፋ ያደርገዋል። ሁለቱም መዝሀቦች በወሎ ሲቀሩባቸው የኖሩ ናቸውና፣ ሸርጣንና ሽሪምፕ በሚቀርብበት ገበታ ላይ ከመቀመጣችን በፊት ያስተማሩንን ሸኽ መጠየቁ ይበጃል።

አሰብ፦ የትናንቷ ደጃፍ

ለወሎ ሰው ባሕር ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው አሰብ ነው። ከደሴ በኮምቦልቻ፣ በባቲና በሚሌ አድርጎ የሚወርደው መንገድ መጨረሻው አሰብ ነበር። በወደቡና በነዳጅ ማጣሪያው ብዙ የወሎ ልጆች ሠርተዋል፤ እዚያው ትዳር ይዘው ልጅ ያሳደጉም አሉ። ትኩስ ዓሣ ከእንጀራ ጋር በአንድ ትሪ የተዋወቀው እንደነዚህ ባሉ ቤቶች ነው።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር ግን ይህ ኑሮ ተበተነ። መስከረም 2011 ላይ በሰላሙ ምክንያት የቡሬ መሥመር ተከፍቶ ብዙዎች ደስ ቢላቸውም፣ በዚያው ዓመት ተመልሶ ተዘጋ። ስለዚህ አሰብ በትዝታ እንጂ በምርጫ ልናቀርባት አንችልም። ያስተማረችን ቁም ነገር ግን አለ፦ የገበታ ጣዕም ብቻውን አያኖርም፤ መንገዱ የሚዘጋበት ቦታ የተዘረጋ ማዕድ በአንድ ጀምበር ይታጠፋል።

ጂዳ፦ የእንግዶች ማዕድ

ጂዳ በኸሊፋ ዑስማን (ረ.ዐ) ዘመን፣ በ26 ዓመተ ሂጅራ የመካ ወደብ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ሑጃጅ ከየአገሩ ሲመጣ ወጡንም ይዞ መጣ። ከሐድረመውት መንዲ፣ ከመካከለኛው እስያ የቡኻራ ሩዝ ገብቷል። ሰያዲያ የሚባለው የዓሣ ሩዝ፣ ሽንኩርቱ እስኪጠቁር ተቁላልቶ ሩዙን ቡናማ የሚያደርገው፣ የባሕር ሰዎች ወጥ ነው። በዓሣ ገበያው ናጂልና ሸዑር ከሚባሉት ዓሦች መርጠው ከገዙ በኋላ አጠገቡ ካለው ማብሰያ ቤት አስጠብሰው መመገብ ይችላሉ። በዓይነት ብዛት ከተመዘነ ከሦስቱ ጂዳን የሚያህል የለም።

ነገር ግን ማን ነው በዚህ ማዕድ የሚቀመጠው? በቤት ሠራተኝነት ኮንትራት የሄደች እህታችን የምታበስለው ለአሠሪዋ ቤት ነው። ኢቃማ ከአሠሪ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሥራው ሲቋረጥ ኑሮውም ይናጋል። ቤተሰብ ለማምጣት የተፈቀደለት ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ክፍያ መሠረት ለእያንዳንዱ ጥገኛ በወር 100 ሪያል መክፈል ጀመረ፤ ይህም በየዓመቱ አድጎ በ2020 400 ሪያል ደረሰ። ሚስትና ሦስት ልጆች ላሉት ሰው በወር 1,600 ሪያል ማለት ነው፤ ገና ሩዝ ሳይገዛ። ወረቀት ለሌለው ደግሞ ሁኔታው የከፋ ነው። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተመልሰዋል። ጂዳ የምትጋብዝ እንጂ በቀላሉ የምታሰፍር ከተማ አይደለችም።

ጅቡቲ፦ የጎረቤት ማዕድ

ጅቡቲ በምግብ ዓይነት ከጂዳ ታንሳለች። ያላት ግን የሚናቅ አይደለም። የየመን ዓሣ የሚባለውን እንውሰድ። ዓሣው በቁመቱ ተሰንጥቆ ይዘረጋል፣ በቀይ በርበሬ ይቀባል፣ ከዚያም በሸክላ ምድጃው በተንኑር ውስጥ ይጠበሳል። ከዚያው ምድጃ የወጣ ሰፊ ቂጣ ይቀርብለታል፤ ከጎኑም ከማር ወይም ከሙዝ ጋር የታሸ ቂጣ ይከተላል። ስኩደካሪስ የሚሉት የበግ ሥጋና ሩዝ ሄልና ሌላም ቅመም አለው። ላሆህ ደግሞ ዓይን ያላት፣ በእርሾ የምትጋገር የእንጀራ እህት ናት።

ከሁሉ በላይ ግን ጅቡቲ የኛ ወጥ የሚሠራባት ከተማ ናት። አገሩ ከሚበላው ብዙውን የሚያስገባው ከውጭ ሲሆን፣ አትክልቱና ፍራፍሬው በብዛት የሚሄደው ከኢትዮጵያ ነው። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጠጥ ውሃ እንኳ በቧንቧ ከኛ አገር ይሄዳል። ሐበሻው ብዙ ስለሆነ እንጀራ አይጠፋም። ሕዝቡ ሙስሊም ነውና ስለ ሥጋው መጨነቅ የለም። ከሀብሩ በኮምቦልቻ፣ በሚሌና በገላፊ አድርጎ የሚደርስ የመኪና መንገድም አለ። አያት ለልጅ ልጆቿ በርበሬና ሽሮ መላክ የምትችልበት ርቀት ነው።

ችግሩንም አንደብቅም። ከሰኔ እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ኪራዩ ውድ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የተቆራኘ ስለሆነ ብር ይዞ የሚሄድ ሰው ገንዘቡ ያንስበታል። መኖሪያ ፈቃድም ያስፈልጋል።

እኛ የምንመርጠው

የሙያ ሥራ ወይም ንግድ ላለው፣ ወረቀቱን ላሟላና ከልጆቹ ጋር በአንድ ትሪ መብላት ለሚፈልግ ቤተሰብ እኛ የምንመርጠው ጅቡቲን ነው። ምክንያታችን አንድ ነው፦ መልካም ማዕድ የሚባለው የሳህኑ ብዛት አይደለም፤ እናት በራሷ ወጥ ቤት፣ በራሷ ቅመም፣ ነገም እዚያው እንደምትሆን አውቃ የምታበስለው ነው። ቡናውም አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የሚጠጣው ጎረቤት ሲኖር ነው።

ለሚሄዱት አንድ የወጥ ቤት ምክር እንጨምር። በሙቀት አገር ዓሣ የሚገዛው በማለዳ ነው። ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳ ይሁን። የሚከረፋውን ርካሽ ነው ብለው አይግዙ።

ለወጣቶቻችን ደግሞ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን። ጅቡቲን ለመኖር ሳይሆን በኦቦክ በኩል በጀልባ ለመሻገር የሚያስቡ አሉ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በአንድ ወር ውስጥ ብቻ በጅቡቲ ጠረፍ ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው ከ50 በላይ ስደተኞች ሞተዋል። ወላጆች ሆይ! ልጁ «ጅቡቲ ልሂድ» ሲላችሁ «በምን ሥራ? በምን ወረቀት? ከማን ጋር?» ብላችሁ ጠይቁ።

መውረድ ያልቻለስ? ከመርሳ ወደ ደሴ ሲኬድ ሐይቅ ከተማ አለች። ቆሮሶው ከሐይቁ ወጥቶ እዚያው ይሸጣል። በድልህ ተጠብሶ ከቀሪቦ ጋር ቢቀርብ፣ ባሕር ባይኖርም ገበታው አይጎድልም።

አላህ ሲሳያችንን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን፤ በየወደቡ ያሉትን ወንድምና እህቶቻችንንም ይጠብቅልን። አሚን።