የልጆችና የወጣቶች የጥርስ ጤና፦ የቤተሰብና የሰበካ የጋራ ኃላፊነት

የሕፃናት ጥርስ ሲታመም በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የሚሰማው ቃል «የወተት ጥርስ ነው፤ ይወድቃል፤ ሌላ ይበቅላል» የሚል ነው። ይህ አነጋገር ከፊል እውነትነት ቢኖረውም፣ ብዙ ልጆችን ዕድሜ ልካቸውን ሊያገለግላቸው የሚገባውን ጥርስ አሳጥቷቸዋል። ምክንያቱን ለመረዳት የጥርስን አበቃቀል መመልከት ያሻል።

የጥርስ አበቃቀል

የመጀመሪያው የወተት ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ዕድሜ ገደማ ይወጣል፤ 20ዎቹም የወተት ጥርሶች እስከ 3 ዓመት ገደማ ተሟልተው ይበቅላሉ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ደግሞ በቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። ነገር ግን በ6 ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶች ሁሉ በስተኋላ አራት ቋሚ መንጋጋ ጥርሶች እንደሚበቅሉ ልብ ሊባል ይገባል። እነዚህ ሲወጡ የሚወድቅ ጥርስ ስለሌለ ወላጆች ሳያስተውሏቸው ይቀራሉ፤ ሲቦረቦሩም የወተት ጥርስ መስለዋቸው ይተዋሉ። እነዚህ መንጋጋዎች ግን አንድ ጊዜ ከተነቀሉ ምትክ የላቸውም።

የወተት ጥርስም ቢሆን ሊናቅ አይገባውም። ለቋሚው ጥርስ ቦታ ጠብቆ የሚያቆየው እርሱ ነውና ያለጊዜው ሲነቀል ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ይዘምማሉ፤ ተተኪውም ተጣሞ ይወጣል። ከሁሉም በላይ ጥርሱን የሚያመው ልጅ በሚገባ አይመገብም፣ አይተኛም፣ ትምህርቱንም አይከታተልም።

ጥርስ እንዴት ይቦረቦራል?

በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ተሕዋስያን በጥርስ ላይ ስስ ሽፋን ሠርተው ይለጠፋሉ። ልጁ ጣፋጭ በበላ ወይም በጠጣ ቁጥር ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን ቀስ በቀስ ያሟሟል። ምራቅ ጉዳቱን በመጠኑ ይጠግናል፤ ሆኖም ለጥገናው ጊዜ ያስፈልገዋል። ስለሆነም ከስኳሩ መጠን ባልተናነሰ የሚጎዳው ድግግሞሹ ነው። ከምግብ ጋር አንድ ጊዜ ጣፋጭ ከሚበላ ልጅ ይልቅ ቀኑን ሙሉ ከረሜላ የሚመጥ፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ ደጋግሞ የሚጠጣ ልጅ የበለጠ ይጎዳል። ሌሊት ምራቅ ስለሚቀንስ ጣፋጭ ነገር በጡጦ እየጠባ የሚተኛ ሕፃንም ለአደጋ የተጋለጠ ነው።

ዕለታዊ ጥንቃቄ

ጥርስ መታጠብ ያለበት የመጀመሪያው ጥርስ ከወጣበት ቀን ጀምሮ በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ ከሁለቱ የማይታለፈው ከመኝታ በፊት ያለው ነው። ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና መጠኑ ከ3 ዓመት በታች ላሉ የሩዝ ፍሬ፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላሉ የአተር ፍሬ ያህል ይሁን። ልጁ አረፋውን ይትፋ እንጂ አይዋጥ። እስከ 7 ወይም 8 ዓመት ድረስ የልጆች እጅ በሚገባ ስለማያጸዳ ወላጅ ማገዝ ይኖርበታል።

መፋቂያን በተመለከተ፣ ጫፉ በሚገባ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ከለሰለሰና የጥርሱ ሁሉም ገጽ በጥንቃቄ ከተፋቀ ያጸዳል። የጎደለው ፍሎራይድ ነውና ከተቻለ ጥቂት የጥርስ ሳሙና ቢታከልበት መልካም ነው።

በወጣትነት ዕድሜ የድድ መድማት ይበዛል። ድዱ ስለደማ መታጠብን መተው ሕመሙን ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም። በጨዋታ ላይ ቋሚ ጥርሱ ከነሥሩ የወለቀ ልጅ ካለ ሥሩን ሳይነኩ ጥርሱን ከላይ በኩል ይዞ ወተት ውስጥ በማድረግ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ወደ ጥርስ ሐኪም ማድረስ ጥርሱን ሊያተርፈው ይችላል።

ሳይቃጠል በቅጠል

ብዙዎቻችን ወደ ሐኪም የምንሄደው ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሣን ነው። በዚያን ጊዜ መቦርቦሩ የጥርሱ ነርቭ ዘንድ ደርሷል፤ የሚቀረውም ምርጫ ብዙውን ጊዜ መንቀል ነው። ቅርንፉድ ሕመሙን ለጊዜው ቢያደነዝዝም መቦርቦሩን አያቆመውም። ቢቻል በየ6 ወሩ፣ ካልሆነም በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረግ ምርመራ ግን ትንሹን ቀዳዳ በቀላሉ ለማስሞላት ያስችላል።

ስለ ግግ ማውጣት

በአንዳንድ አካባቢዎች ሕፃን ተቅማጥ፣ ትኩሳት ወይም ትውከት ሲይዘው «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ ተሰንጥቆ ገና ያልወጣው ጥርስ ይጎለጎላል። ያበጠው ድድ ግን ሊበቅል የተዘጋጀ ጤናማ ጥርስ ያለበት ነው፤ የተቅማጡም መንሥኤ አይደለም። ድርጊቱ ብዙ ደም ያፈስሳል፤ ንጽሕና በሌለው መሣሪያ መንጋጋ ቆልፍና ኤች አይ ቪ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ በሥር ያለውን የቋሚ ጥርስ ፅንስም ያበላሻል። ይባስ ብሎ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ማግኘት የነበረበት ፈሳሽና ሕክምና ይዘገይበታል። በዚህ ጉዳይ የንስሐ አባት ቃል ከማንም ይበልጥ ይሰማል። እናት «ምን ይሻላል አባቴ?» ብላ ስትጠይቅ ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ መምከር ሕይወት ማዳን ነው። ጸበል መጠመቅም ሕክምናን አይከለክልም።

የስምጥ ሸለቆ ውኃ

በስምጥ ሸለቆ የሚገኙ ሰበካዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ሊያውቁ ይገባል። በዚያ አካባቢ ብዙ የጉድጓድ ውኃ ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ አለበት። በጥቂቱ ጥርስን የሚያጠነክረው ይህ ንጥረ ነገር ሲበዛ፣ በተለይ ቋሚ ጥርሶች ከድድ ሥር በሚሠሩባቸው የመጀመሪያዎቹ 8 ዓመታት፣ ጥርስን ያበልዛል፤ ለረጅም ዘመን ሲጠጣም አጥንትን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ውኃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያስወግደውም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን ያከማቸዋል። ስለሆነም ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሰበካ ውኃው ለምእመናን ከመከፈቱ በፊት የፍሎራይድ መጠኑን ያስመርምር።

ሰበካ ጉባኤ ምን ማድረግ ይችላል?

በቅድሚያ የአብነት ተማሪዎችን ያስብ። እነዚህ ልጆች ከወላጅ ርቀው የሚኖሩ በመሆናቸው ማታ «ጥርስህን ታጥበሃል?» የሚላቸው የለም። ለእያንዳንዱ ተማሪ ብሩሽና የጥርስ ሳሙና ማቅረብ፣ ብሩሹንም በየ3 ወሩ መቀየር ከሰበካ አቅም በላይ አይደለም። ብሩሽ የጋራ አለመሆኑንና ከመኝታ በፊት ጥርስ መታጠብ የጉባኤ ቤቱ ሥርዓት መሆኑን የኔታ እንዲከታተሉ ማድረግ ይቻላል።

በሁለተኛ ደረጃ ከአካባቢው ጤና ጣቢያ ጋር በመነጋገር ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በዓመት አንድ ቀን የጥርስ ምርመራ ማዘጋጀት ይገባል። በተለይ የ6 እና የ7 ዓመት ልጆች አዲሶቹ መንጋጋዎቻቸው እንዲታዩ ይደረግ። ሕክምና የሚያስፈልጋቸውን የድሃ ልጆች ዝርዝር ለበጎ አድራጎት ክፍሉ ማስተላለፍም ተገቢ ነው።

በመጨረሻም ለልጆች በሚዘጋጅ መስተንግዶ በለስላሳ መጠጥና በከረሜላ ፈንታ ውኃ፣ ቆሎና ፍራፍሬ ማቅረብ ወጪን ይቀንሳል፤ ትምህርትም ይሆናል። ዛሬ በመንበረ ጸባዖቱ ዐውደ ምሕረት የሚዘምረው የ6 ዓመት ሕፃን መንጋጋዎቹ ገና እየበቀሉ ነው። እስከ ሽምግልናው ድረስ እንዲያገለግሉት ጥንቃቄው ከአሁን መጀመር አለበት።