ለጫኚው ከፍለን ለዘማሪው?

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ሚሞሪ ይዞ ወደ ሞባይል ቤት ጎራ ያለ ሰው በጥቂት ብር ብዙ መዝሙር አስጭኖ ይመለሳል። ለልጆችም ጌም ይታከልበታል። እቤት ገብታችሁ አብራችሁ ትዘምራላችሁ፤ ትጽናናላችሁ። ግን ባልና ሚስት ሆናችሁ «ዘማሪው ከዚህ ምን አገኘ?» ተባብላችሁ ታውቃላችሁ?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል። አዋጁ አንድ ሰው የታተመን ሥራ ለግል መጠቀሚያው ብቻ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ አይከለክልም። ያለ ባለመብቱ ፈቃድ እያባዙ መሸጥ ግን ክልክል ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራምም ጥበቃ አለው፤ ስለዚህ የልጆቹ ጌምም ባለቤት አለው ማለት ነው።

«መዝሙር የእግዚአብሔር ነው፤ አይሸጥም» የምትሉ ትኖራላችሁ። ክብሩ በእርግጥ የእርሱ ነው። ቃሉም የእርሱ ነው፤ ሆኖም በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ለዓመታት የደከሙበት ነው። መዝሙርም እንዲሁ የስቱዲዮ ወጪ አለው፤ የሙዚቀኛ ክፍያ አለው። ሞባይል ቤቱስ መቼ በነጻ ጫነልን?

እንግዲህ ዛሬ ማታ ስልካችሁን አብራችሁ ክፈቱ። የምትወዱትን አንድ መዝሙር ምረጡ። አልበሙ በቤተ ክርስቲያናችሁ ይሸጥ እንደሆነ ጠይቁ፤ ካልሆነም ዘማሪው ራሱ በዩቲዩብ ካወጣው ከዚያ ስሙት። ልጆቻችሁም ይዩአችሁ፤ ታማኝነትን የሚማሩት ከእናንተ ነውና።