ፈቃዱን የሚሰጠው አፈሩ ነው

በአሜሪካ አላባማ፣ ከሰልማ ወደ ሞንትጎመሪ የሚወስደው አውራ ጎዳና 80 የሎውንደስ ካውንቲን አቋርጦ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1965 እነ ማርቲን ሉተር ኪንግ ለመምረጥ መብት በእግራቸው የተጓዙበት መንገድ ነው። ከአስፋልቱ ገባ ሲባል፣ ከብዙ ቤቶች ጀርባ የወጣ የፕላስቲክ ቱቦ ይታያል። የሽንት ቤቱም የወጥ ቤቱም ፍሳሽ በዚያ ቱቦ ወርዶ ሜዳ ላይ ይተኛል።

ሕጉ ይህን ይከለክላል። የከተማ ፍሳሽ መስመር ያልደረሰበት ቤት ሴፕቲክ ታንክ ሊኖረው ይገባል፤ ታንኩን ለማስቀበር ደግሞ የጤና መምሪያው ፈቃድ ያስፈልጋል። ከፈቃዱ በፊት አፈሩ ይፈተናል። ከተለመዱት ዘዴዎች አንዱ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ውሃ ሞልቶ፣ ውሃው አንድ ኢንች ለመውረድ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት መለካት ነው። ታንኩ ደለሉን ብቻ ነው የሚያስቀረው፤ ውሃውን መጥጦ የሚያጣራው አፈሩ ነውና።

የሎውንደስ አፈር በአብዛኛው እንደኛ ዋልካ ነው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ዋልካ ላይ ቤት የሠራ ሰው ቀሪውን ያውቀዋል፤ ውሃው ጉድጓዱ ውስጥ እንደቆመ ይውላል። ተራ ታንክ አይፈቀድም፤ ቢቀበርም ዝናብ ሲበረታ ፍሳሹ ተመልሶ ገንዳ ውስጥ ብቅ ይላል። የሚፈቀደው በመሐንዲስ የተነደፈ፣ ማጣሪያ አፈሩ ከውጭ መጥቶ የሚከመርለት ዓይነት ነው፤ ዋጋው ከ15,000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። በተጎታች ቤት የሚኖር ጡረተኛ ይህን ከየት ያመጣል?

ፍተሻው ራሱ ተገቢ ነው፤ አፈሩን ሳያዩ መፍቀድ በሽታን መፍቀድ ነው። የሚያስቆጨው ከእምቢታው በኋላ የመጣው ነው። አቅም ያጡ ሰዎች እንደ ወንጀለኛ ተከሰሱ፣ እስርም ዛቻ ሆነባቸው። እዚያው ያደጉት ካትሪን ኮልማን ፍላወርስ ጉዳዩን ይዘው ለዓመታት ጮኹ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ከተመረመሩ 55 ነዋሪዎች በ19ኙ የሁክዎርም ምልክት አገኘ። ይህ በባዶ እግር የሚገባ ትል ከአሜሪካ ጠፍቷል ሲባል የኖረ ነው።

የፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር በ2021 የዘር መድልዎ ምርመራ ከፈተ። በግንቦት 2023 በተደረሰው ስምምነት አላባማ ቅጣቱን አቆመች፤ ለነዋሪዎች ታንክ የማስቀበሩ ሥራም ቀጠለ። በሚያዝያ 2025 ግን የትራምፕ አስተዳደር ጉዳዩን ከብዝኃነትና አካታችነት ፖሊሲ ጋር አያይዞ ስምምነቱን ሰረዘው። ጉዳዩ የአንጀት ትል ሆኖ ሳለ!

የክፍለ ግዛቱ ጤና መምሪያ የተመደበው ገንዘብ እስኪያልቅ ሥራውን እንደሚደግፍ ገለጸ። ታንክ ማስቀበር ግን፣ አለ መምሪያው፣ በሕግ የተሰጠኝ ሥልጣን አይደለም። ፈቃድ መከልከሉ ግን ሥልጣኑ ነው።