ሲጋራ የተወ ሰውና የሚዛኑ ነገር

ሻኪሶ ከክብረ መንግሥት በስተደቡብ፣ በጉጂ ምድር፣ በወርቅና በቡና መካከል የተቀመጠች ከተማ ናትና፣ በለገ ደምቢ ዙሪያ አፈር ቆፍሮ ወርቅ የሚያጥበው፣ ቡና በአይሱዙ ጭኖ ወደ ሐዋሳ የሚወጣው፣ ወደ ነጌሌ ቦረና የሚወርደውም ሆነ ከዚያ የሚመጣው መንገደኛ ሁሉ ከሱቅ በደረቴው ሣጥን አንድ ፍሬ ሲጋራ እየመዘዘ በሚጨዋወትበት ሥፍራ፣ ስለ ትምባሆ የሚነገረው ብዙ ነው። ከሚነገረውም ሁሉ እጅግ የጸናው፣ “ሲጋራ ያቆመ ሰው ይወፍራል፤ ውፍረቱ የሚያመጣበትም ደዌ ከሲጋራው ይብሳል፤ ስለዚህ ባያቆም ይሻለዋል” የሚለው ነው። በዚህ አባባል ውስጥ ሦስት ነገሮች ተያይዘው ይገኛሉ፤ ፊተኛው በከፊል እውነት፣ ሁለተኛው ሐሰት ነው፤ ሦስተኛው ግን ከሐሰትነቱ በላይ፣ ለመተው ቆርጦ የተነሣውን ሰው ከመንገድ የሚመልስ ክፉ ምክር ነው።

አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆ የሚያጨሰውን ሰው በከንፈሩ፣ ሱረት የሚስበውን በአፍንጫው ይቀጡት እንደ ነበር በታሪክ ይነገራል። በዚያ ዘመን ሰው የሚፈራው ማጨሱን ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ማቆሙን የሚፈራ ሰው መታየቱ የዘመን መገለባበጥ ነው።

እሙን ከሆነው እንጀምር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2012 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ 62 ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ሐተታ እንደሚያሳየው፣ ያለ መድኃኒት እርዳታ ሲጋራ የተዉ ሰዎች በ12 ወራት ውስጥ በአማካይ 4.7 ኪሎ ግራም ያህል ጨምረዋል፤ የጭማሪውም የሚበልጠው እጅ የመጣው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ነገር ግን አማካይ ማለት የእያንዳንዱ ሰው ዕጣ ማለት አይደለም፤ ከመቶው 16ቱ እንዲያውም ከስተዋል፣ 13ቱ ደግሞ ከ10 ኪሎ በላይ ጨምረዋልና፣ “ሁሉም ይወፍራል” የሚለውም “ማንም አይወፍርም” የሚለውም ከእውነት እኩል ይርቃሉ።

የዚህ ነገር ምክንያቱ ምንድን ነው? ኒኮቲን በአንጎል ውስጥ የረኃብን ስሜት ያደነዝዛል፤ ልብንም እያፋጠነ ሰውነት ያለ ሥራ ጉልበት እንዲያባክን ያደርጋል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1986 በስዊዘርላንድ የተደረገ ምርመራ፣ በቀን 24 ያህል ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ሲያጨስ በሚውልበት ቀን፣ ከማያጨስበት ቀን ይልቅ አንድ አሥረኛ ያህል ብልጫ ያለው ጉልበት እንደሚያቃጥል አረጋግጧል፤ ይህም 200 ካሎሪ ያህል ነው። ሲጋራው በቀረ ጊዜ ይህ ብክነት ይቀራል፣ ረኃብ ይነቃል፣ ምላስና አፍንጫም ከድንዛዜያቸው ተመልሰው ወጡ እንደ ወጥ፣ ቅቤው እንደ ቅቤ መጣፈጥ ይጀምራል። አጫሽ በአማካይ ከማያጨስ እኩያው እንደሚቀልል የታወቀ ነው፤ ሲያቆም የሚጨምረውም ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ልዩነት የሚያህል ነውና፣ እኔ በበኩሌ ይህን ክብደት ሲጋራው ይዞበት የኖረውንና አሁን ለባለቤቱ የመለሰለትን ገንዘብ አድርጌ አየዋለሁ።

“ሲጋራ ሆድ ያጠፋል” የሚለው ግን ከነጭራሹ የተገለበጠ ነው። አጫሽ በሚዛን ላይ ሊቀልል ይችላል፤ ሆኖም አብዝተው የሚያጨሱ ሰዎች ስባቸው ወደ ወገብና ወደ ሆድ የማድላት ጠባይ እንዳለው በብዙ ምርመራ ታይቷል፤ ለልብና ለስኳር ደዌ የሚያሰጋውም በተለይ ይኸው የሆድ ስብ ነው። ይህ እምነት ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1920ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ትምባሆ ኩባንያ ሴቶች በጣፋጭ ምትክ ለኪ ስትራይክ የተባለውን ሲጋራውን እንዲያነሡ በጋዜጣና በራዲዮ ሲወተውት፣ የከረሜላ ነጋዴዎች ገበያቸው ተነካና ተቆጡ።

ወደ ሁለተኛው፣ ማለት ውፍረቱ ከሲጋራው ይብሳል ወደሚለው እንምጣ። በአሜሪካ ነርሶችንና ሌሎች የጤና ባለሙያዎችን ለብዙ ዓመታት እየተከታተለ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2018 የታተመ ጥናት፣ ሲጋራ የተዉት ሰዎች ክብደት ቢጨምሩም ባይጨምሩም ማጨስ ከቀጠሉት ይልቅ በልብ ደዌም ሆነ በማናቸውም ምክንያት የመሞት አደጋቸው እንደ ቀነሰ አሳይቷል። በፍርድ ላለማዳላት መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ክብደት የጨመሩት ሰዎች በስኳር በሽታ የመያዝ አደጋቸው ካቆሙ በኋላ ለጥቂት ዓመታት ከፍ ብሎ፣ ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ዓመት ባለው ጊዜ ጫፉ ላይ ደርሶ፣ ከዚያ ወዲያ እየወረደ ሄዷል፤ ክብደት ባልጨመሩት ላይ ግን ይህ ከፍታ አልታየም። እንግዲህ ሚዛንን መጠበቅ ከንቱ ድካም አይደለም፤ ከንቱ የሆነው ሚዛንን ፈርቶ ወደ ጢሱ መመለስ ነው።

መጠበቂያው ምንድን ነው ሲባል ደግሞ ሌላ ወሬ ይነሣል። “ጫት ቃም፤ የምግብ ፍላጎትህን ይዘጋልሃል” ይላሉ። እርግጥ ጫት ረኃብን ለሰዓታት ያስረሳል፤ ነገር ግን በሥፍራው ማን አብሮት እንደሚቀመጥ መካሪው ራሱ ያውቃል፤ ለስላሳውና በስኳር የጠቆረው ሻይ በአንድ ወገን፣ ሲጋራው በሌላው ወገን ናቸውና፣ በርጫ ላይ ተቀምጦ ሲጋራን ለመተው መሞከር ፈተናን ቤት ድረስ ጠርቶ ማስተናገድ ነው። ምርቃናው ሲበርድ በውድቅት ሌሊት የሚበላውም ቀን ሳይበላ የቀረውን ያካክሳል። ሌሎች ደግሞ ጾሙን ይጠቅሳሉ። ሁዳዴም ሆነ ረመዳን ለነፍስ የተሠሩ ናቸው፤ ሥጋን ማክሳት ዓላማቸው አይደለም፤ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቆ በዘይት የተንቆጠቆጠ ሳምቡሳና ፓስታ የሚያነሣ ጾመኛም ሚዛኑን በጾሙ ማመካኘት አይገባውም። ሲጋራን በተወበት ዕለት ምግብንም አብሮ እጅግ አጥብቆ መከልከል እንደሚያዋጣ በጽኑ አልተረጋገጠም፤ አንዳንድ ምርመራ ሰውየውን ወደ ሲጋራው መልሶ እንደ ጣለው አሳይቷልና፣ አስቀድሞ ሲጋራውን፣ ቀጥሎ ሚዛኑን መያዝ የብልህ ሥርዓት ይመስለኛል።

በዚህ አገር ሰውና ሰውም ይለያያል። ከጉድጓድ አፈር ሲያወጣ፣ በወንዝ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲያጥብ የሚውለው ወርቅ አውጪ ያቺን 200 ካሎሪ እኩለ ቀን ሳይሆን ያጠፋታል፤ መሪ ጨብጦ የሚውለው ሾፌርና በመደብሩ ተቀምጦ ቡና የሚመዝነው ነጋዴ ግን የሚያጠፉበት ሥራ የላቸውምና፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ ለእነርሱ እንደ መድኃኒት የሚቆጠር ነው። እርምጃው ሁለተኛ ጥቅምም አለው፤ የሲጋራ አምሮት ሲመጣ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያልፋልና፣ ተነሥቶ እስኪመለስ ድረስ አምሮቱ ቀድሞት ሄዶ ይቆያል። ከሁሉ የሚያስቀው ግን ሲጋራውን የተወው ሰው እጁ የሚጠመድበትን ነገር ፍለጋ ወደዚያው ሱቅ በደረቴ መመለሱና ከዚያው ሣጥን በሲጋራው ፈንታ ከረሜላ በከረሜላ ላይ መግዛቱ ነው፤ ስኳር የሌለበት ማስቲካ፣ ወይም በጭብጥ ተቆጥሮ የሚቆረጠም የገብስና የሽምብራ ቆሎ ለእጅም ለአፍም ሥራ ይሰጣል።

የመጨረሻው ነገር የጉጂ ሰው ይልቁን ሊያውቀው የሚገባው ነው። በትምባሆ ጢስ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ነገሮች (ኒኮቲኑ ሳይሆን ሬንጁ) ጉበት ካፌይንን የሚያፈርስበትን ፍጥነት ከፍ ያደርጉታል፤ ሲጋራው በቀረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይህ ፍጥነት ይወርድና፣ ያው የለመደው ቡና በሰውነቱ ውስጥ እጥፍ ያህል ሊከማችበት ይችላል። ሰውየውም ልቡ ሲመታ፣ እንቅልፍ ሲነሣው፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ ሲጋራው የጠራው ይመስለዋል፤ ለማስታገሥም ይበላል ወይም ያጨሳል። በስኳሩ ላይ ደግሞ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ በቀን ሁለት ጊዜ የሚጠጣና በየሲኒው ሁለት ትንንሽ ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው አሥራ ሁለት ማንኪያ ይጠጣል፤ ይህም 200 ካሎሪ ገደማ ሆኖ፣ ሲጋራው ያቃጥልለት የነበረውን ልክ ይገጥማል። ስለዚህ በፊተኞቹ ሳምንታት ሲኒውን በግማሽ፣ ስኳሩን ከግማሽም በታች ማውረድ ለሁለቱም ይበጃል። ለክቡር እንግዳ በቅቤ ተጠብሶ የሚቀርበው ቡና ቀላ ግን የሥርዓት ነገር ነውና፣ በየዕለቱ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።