ሮለር ደርቢ፦ ለመጫወት ከፍለው የሚገቡ ሴቶች የያዙት ንግድ

በስፖርቱ ንግድ የተለመደው አሠራር ግልጽ ነው። ባለሀብት ቡድን ይገዛል፣ ተጫዋች ደመወዝ ይቀበላል፣ ተመልካች ትኬት ይቆርጣል። በአሜሪካ ከሃያ ዓመታት በላይ ያስቆጠረው የሴቶች አማተር ሮለር ደርቢ ግን ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦታል። ተጫዋቿ በየወሩ መዋጮ ትከፍላለች። ባለ ጎማ ጫማዋንና የአካል መከላከያዎቿን በራሷ ገንዘብ ትገዛለች። በግጥሚያው ዕለት ጠዋት ወለሉ ላይ መስመር ታሰምራለች፤ ማታ ደግሞ ወንበር ታነሳለች። በምላሹ የምታገኘው ደመወዝ ሳይሆን ድምፅ ነው። የመግቢያ ዋጋ ስንት ይሁን፣ ስፖንሰሩ ማን ይሁን፣ የተረፈው ገንዘብስ ምን ላይ ይዋል የሚለውን የምትወስነው ከጓደኞቿ ጋር ሆና ነው።

ይህ አሠራር የተገኘው በፍልስፍና ሳይሆን በገንዘብ ጭቅጭቅ ነው። ጭቅጭቁም ማን ይሰብራል፣ ማን ይከፍላል ከሚል ጥያቄ የመነጨ ነበር።

ጨዋታው ምንድነው?

ሮለር ደርቢ ኳስ የሌለው ጨዋታ ነው። ሁለት ቡድኖች እያንዳንዳቸው 15 ተጫዋቾችን ያስመዘግቡና በአንድ ጊዜ አምስት አምስት ያሰልፋሉ። ሁሉም አራት ጎማ ያለው ጫማ ተጫምተው በሞላላ መም ላይ በአንድ አቅጣጫ ይሽከረከራሉ። ከአምስቱ አንዷ ጃመር ትባላለች፤ በራስ ቁሯ ላይ ኮከብ ይደረግላታል። የቀሩት አራቱ ብሎከሮች ናቸው። የጃመሯ ሥራ በመጀመሪያ የተሰባሰቡትን ብሎከሮች ሰንጥቃ ማለፍ፣ ከዚያም ዞራ መጥታ የተቃራኒ ቡድን ብሎከሮችን እንደገና ማለፍ ነው። በዚህ ሁለተኛ ዙርና ከዚያ በኋላ ላለፈቻት ለእያንዳንዷ ተቃራኒ ብሎከር አንድ ነጥብ ታገኛለች። ብሎከሮቹ በትከሻ፣ በደረትና በዳሌ እየገፉ ሊያስቆሟት ይታገላሉ፤ በክርን መማታትና ከጀርባ መግፋት ግን ቅጣት ያስከትላል። አንዱ ፍልሚያ ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። ጨዋታው በጠቅላላው ሁለት ጊዜ 30 ደቂቃ ነው።

እንግዲህ መውደቅ የጨዋታው አካል ነው ማለት ነው። የራስ ቁር፣ የጥርስ መከላከያ፣ የክርን፣ የእጅ አንጓና የጉልበት መከላከያ ሳያደርግ መም ላይ የሚወጣ የለም። ያም ሆኖ የቁርጭምጭሚት ስብራት በሊጎቹ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም።

ባለቤቱ አንድ ቤተሰብ የነበረበት ዘመን

ሮለር ደርቢ የተፈጠረው ለትርፍ ነው። ሊዮ ሴልትዘር የተባለ አዘጋጅ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 13 ቀን 1935 በቺካጎ ኮሊሲየም አዳራሽ የከፈተው ውድድር፣ ጥንዶች አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጡ ያህል ለሳምንታት እየዞሩ የሚሽከረከሩበት የጽናት ፈተና ነበር። ጊዜው የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን በመሆኑ ርካሽ መዝናኛ ፈላጊው ብዙ ነበር። ተመልካቹን የሳበው መጋጨቱ መሆኑ ሲታወቅ ሕጉ ወደዚያ ተለወጠ። ሴቶችና ወንዶች ከመጀመሪያው አንስቶ በአንድ ሕግ መጫወታቸውም ለዚያ ዘመን ልዩ ነገር ነበር።

በኋላ ድርጅቱን የተረከበው ልጁ ጄሪ ሴልትዘር በቴሌቪዥን አማካይነት ገበያውን አስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ1972 በቺካጎ የኮሚስኪ ፓርክ ስታዲየም አንድ ግጥሚያ ከ50 ሺህ በላይ ተመልካች ሰበሰበ። ይሁንና ቡድኖቹ የአንድ ድርጅት፣ ተጫዋቾቹም የአንድ ድርጅት ቅጥረኞች ነበሩ። ወጪው እየናረ፣ በ1973 የነዳጅ ቀውስም ጉዞውን እያስወደደ ሲመጣ ባለቤቱ በዚያው ዓመት ዘጋው። ባለቤቱ ሲዘጋ ሁሉም ነገር ተዘጋ፤ ጨዋታውን የሚያስቀጥል ሌላ አካል አልነበረም። በኋላ ሊያነሱት የሞከሩም ነበሩ፤ አንዱም ብዙ አልዘለቀም።

የኦስቲን ጭቅጭቅ

የአሁኑ ሮለር ደርቢ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 በቴክሳስ ክፍለ ግዛት በኦስቲን ከተማ ነው። ሐሳቡን ያመጣው ሰው ሴቶችን ከሰበሰበ በኋላ በገንዘብ ጉዳይ አለመግባባት ተፈጥሮ ከተማዋን ለቅቆ ሄደ። ሴቶቹ ግን አልተበተኑም። አራቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁመው ሥራውን በባለቤትነት ያዙ፤ በ2002 ለሕዝብ መጫወት ተጀመረ፤ ትኬትም መሸጥ ያዘ።

ችግሩ የመጣው ገንዘብ መግባት ሲጀምር ነው። ባለቤቶቹ አራት ሲሆኑ የሚጫወቱት ግን በርካቶች ናቸው። የሚለማመዱት፣ የሚወድቁት፣ ትኬት የሚያሻሽጡት እነዚሁ ብዙኃኑ ሆነው ሳለ ሒሳቡን የማየትና የመወሰን መብት አልነበራቸውም። ጉዳት ሲደርስ የሕክምናውን ወጪ ማን ይሸፍን የሚለው የመድን ጥያቄም አፍጥጦ መጣ። በ2003 አብዛኞቹ ተጫዋቾች ወጥተው ቴክሳስ ሮለርገርልስ የተባለውን፣ በተጫዋቾች ባለቤትነት የሚተዳደረውን ሊግ መሠረቱ። የቀሩት ቲ ኤክስ አር ዲ ሎንስታር ሮለርገርልስ በሚል ስም ቀጥለው በተዘበጠ መም ላይ ወደመጫወት ሄዱ። በ2006 ኤ ኤንድ ኢ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ያሳየው ተከታታይ ፕሮግራም የእነዚህኞቹን ሕይወት የሚያሳይ ነው።

በገበያ የተስፋፋው ግን የወጡት ሴቶች መንገድ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው።

አንደኛው ርካሽነቱ ነው። የጥንቱ መም ጠርዙ ከፍ ብሎ የተዘበጠ፣ ከእንጨትና ከብረት የሚገጣጠም፣ ለመሥራትም ለማጓጓዝም ለማስቀመጥም ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነው። አዲሱ ግን ጠፍጣፋ ወለል ላይ በገመድና በፕላስተር የሚሰመር ነው። ከቅርጫት ኳስ ሜዳ ጥቂት ሰፋ ያለ ለስላሳ ወለል ካለ ይበቃል። የስኬቲንግ አዳራሽ፣ የትምህርት ቤት ጂምናዚየም፣ ባዶ መጋዘን ሁሉ ሜዳ መሆን ይችላል።

ሁለተኛው አደረጃጀቱ ነው። በ2004 ሊጎች ተሰባስበው የመሠረቱት ኅብረት፣ ዛሬ የሴቶች የጠፍጣፋ መም ደርቢ ማኅበር ወይም በምሕፃረ ቃሉ ደብሊው ኤፍ ቲ ዲ ኤ ተብሎ የሚታወቀው፣ አባል ለሚሆን ሊግ ከባድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። ከሊጉ ባለቤትነት ቢያንስ 51 በመቶው በተጫዋቾቹ እጅ መሆን አለበት። አንድ ባለሀብት ገንዘብ ስላለው ብቻ ሊግ ገዝቶ መግባት አይችልም። የመጀመሪያው ብሔራዊ ውድድር በ2006 በአሪዞና ክፍለ ግዛት በቱሳን ከተማ ተካሂዶ ዋንጫውን የኦስቲኑ ቴክሳስ ሮለርገርልስ ወሰደ። በ2009 ድሩ ባሪሞር ያዘጋጀችው «ዊፕ ኢት» የተሰኘ ፊልም ጨዋታውን ለማያውቀው ሕዝብ አስተዋወቀ። በ2011 በቶሮንቶ በተደረገው የመጀመሪያ የዓለም ዋንጫ 13 አገሮች ተሳተፉ፤ በ2014 በዳላስ 30፣ በ2018 በማንቸስተር 38 ደረሱ። በ2012 በካይሮ ሳይቀር ሊግ ተቋቁሟል። በ2017 ደግሞ የማኅበሩ ሻምፒዮና ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአሜሪካ ወጥቶ ወደ አውስትራሊያዋ ሜልቦርን ሄዷል።

ሒሳቡ ሲሰላ

የአንድ ሊግ ገቢ ምንጮች አራት ናቸው፤ የአባላት መዋጮ፣ ትኬት፣ ስፖንሰርና ሸቀጥ። ሸቀጡ የቡድኑና የተጫዋቾቹ ቅጽል ስም የታተመበት ካናቴራ፣ ፖስተርና የመሳሰለው ነው። ስፖንሰሮቹም አብዛኛውን ጊዜ የሠፈር ቢራ ቤቶች፣ የንቅሳት ቤቶችና ትንንሽ ሱቆች ናቸው። ወጪው የልምምድ ቦታ ኪራይ፣ የግጥሚያ አዳራሽ፣ መድን፣ በግጥሚያ ጊዜ የሚቆሙ የሕክምና ባለሙያዎችና የጉዞ ወጪ ነው። ዳኞቹ እስከ ሰባት ይደርሳሉ፤ ነጥብና ቅጣት የሚመዘግቡት ደግሞ ከአሥር ይበልጣሉ። እነዚህ በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ክፈሉ ቢባል ሊጉ በማግሥቱ ይዘጋል።

ለአብነት አንድ ሊግ 60 አባላት አሉት እንበል። እያንዳንዷ በወር 50 ዶላር ብታዋጣ 3,000 ዶላር ይሰበሰባል። የመጋዘኑ ኪራይ 2,500 ቢሆን 500 ይተርፋል። በዓመት አራት ግጥሚያ አድርጎ በእያንዳንዱ 400 ትኬት በ15 ዶላር ቢሸጥ በአንድ ግጥሚያ 6,000 ዶላር ያስገባል። ከዚህ 4,000 ዶላር ለአዳራሽ፣ ለመድንና ለሌላው ቢወጣ በአንድ ግጥሚያ 2,000፣ በዓመት 8,000 ዶላር ይቀራል። ይህን ለ60ዎቹ እናካፍል ቢሉ ለአንዷ የሚደርሳት 133 ዶላር ነው፤ የአንድ ጥንድ የጀማሪ ጫማ ዋጋ ያህል መሆኑ ነው።

አሁን ደግሞ ከ60ዎቹ 20 ያህሉ በጉዳት፣ በወሊድ ወይም በሥራ ምክንያት ይቀሩ እንበል። መዋጮው ወደ 2,000 ይወርዳል፤ ኪራዩ ግን አይወርድም። በወር 500 ዶላር ጉድለት በዓመት 6,000 ይሆናል። የሦስት ግጥሚያ ትርፍ ተበላ ማለት ነው። ስለዚህ ለሊጎቹ ዋናው ደንበኛ ተመልካቹ ሳይሆን አባሏ ናት። በየጊዜው ለጀማሪዎች ሥልጠና የሚከፍቱትም ለዚህ ነው።

ከሜዳው ውጭ ያለው ገበያ

በደርቢ እስካሁን ያተረፈ ካለ ጫማ አምራቹና ቸርቻሪው ነው። የጀማሪ ጫማ ከ100 እስከ 200 ዶላር ባለው ዋጋ ሲገኝ፣ ልምድ ያላቸው የሚመርጡት ከ300 ዶላር ይጀምራል። ጎማው እንደ ወለሉ ዓይነት ስለሚለዋወጥ አንዷ ተጫዋች ሁለት ሦስት ዓይነት መያዟ የተለመደ ነው። በ1945 በሚኒሶታ የተመሠረተው የሪዴል ኩባንያ ለደርቢ የሚሆኑ ጫማዎችን በማምረት ይታወቃል። ከተጫዋቾች መካከልም ወደ ንግድ የገቡ አሉ። በካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ሞክሲ የተባለውን የጫማ ንግድ የጀመረችው ሚሼል ስታይለን ከደርቢ ሜዳ የወጣች ናት።

የወረርሽኙ ዘመን ይህን ልዩነት ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። በመጋቢት 2020 በኮቪድ ምክንያት ጨዋታው ቆመ። ትከሻ ለትከሻ የሚገፋፉበት ስፖርት በመሆኑ ለመመለስ ከብዙዎቹ ስፖርቶች ይልቅ ዘገየ። ትኬት የለም፣ መዋጮ የምትከፍለው ቀነሰች፣ የመጋዘን ኪራይ ግን ነበረ። በዚያው ዓመት ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ በጎማ መሽከርከር በመጀመሩ የጫማ ፍላጎት ጣራ ነካ፤ ገዢዎች ለወራት ተራ ጠበቁ። ሜዳው ሲዘጋ ሱቁ ደመቀ።

መድኑና የወደፊቱ

ሊጎቹን እስከ ዛሬ የሚያሳስበው የጉዳት ወጪ ነው። በማኅበሩ በኩል የሚገኘው የአደጋ መድን በዋናነት የተጫዋቿ የግል የጤና መድን ከፍሎ የቀረውን የሚደግፍ ነው። የግል መድኗ ደካማ የሆነ ተጫዋች ከተሰበረች የሕክምናው ዕዳ ለራሷ ይተርፋል። ጓደኞቿ በግጥሚያ ላይ ገንዘብ ያሰባስቡላታል፤ በእኛ አገር እድር የሚሠራውን ዓይነት መሆኑ ነው። ግን መዋጮ መድንን አይተካም።

በዚህም የተነሳ በስፖርቱ ውስጥ ሁለት ሐሳብ አለ። አንዱ ትልቅ ስፖንሰርና የቴሌቪዥን ውል ይምጣ፣ ተጫዋቾችም ይከፈላቸው፣ ለዚህ ሲባል የባለቤትነቱ ደንብ ይላላ የሚል ነው። ሌላው ገንዘቡን የያዘ ሕጉንም ይይዛል፣ በ1973 የሆነውም ይኸው ነው የሚል ነው። እስካሁን ያሸነፈው ሁለተኛው ነው። በጎደለ ካዝና ቢሆንም ሊጎቹ ከወረርሽኙ ተርፈው ወደ ሜዳ ተመልሰዋል። የሴልትዘር ድርጅት በአንድ ሰው ውሳኔ ሲዘጋ፣ እነዚህን ለመዝጋት ግን የብዙ መቶ ሊጎች ተጫዋቾች ተሰብስበው ድምፅ መስጠት ይኖርባቸዋል።