ያውቁ ኖሯል? ካሜራዎ ቀለም አያይም

የዲጂታል ካሜራ ሴንሰር በራሱ ቀለም አይለይም፤ የሚያውቀው የብርሃንን ብዛትና ማነስ ብቻ ነው። ቀለሙ የሚመጣው በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ ከተቀመጠች ደቃቅ ማጣሪያ ነው። ከአራቱ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ሰማያዊ፣ ሁለቱ አረንጓዴ ናቸው። አረንጓዴው የበዛው የሰው ዓይን ዝርዝር ነገርን ይበልጥ አጥርቶ የሚያየው በዚያ ብርሃን ስለሆነ ነው። ይህን አደራደር የነደፈው የኮዳክ ባልደረባ ብራይስ ባየር ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ አንድ ፒክስል ከሦስቱ ቀለማት የሚለካው አንዱን ብቻ ነው፤ ሁለቱን ካሜራው ከጎረቤት ፒክስሎች ተነስቶ ያሰላቸዋል። ከፎቶዎ ቀለም ሁለት ሦስተኛው በስሌት የተሞላ ነው ማለት ነው!

የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ በ1975 እ.ኤ.አ. የሠራው ስቲቨን ሳሰንም የኮዳክ ወጣት መሐንዲስ ነበር። የካሜራው ክብደት 3.6 ኪሎ፣ ኃይሉ 16 ባትሪ ድንጋይ፣ ጥራቱ 0.01 ሜጋፒክስል። አንዱን ጥቁርና ነጭ ፎቶ በካሴት ክር ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር፤ ፎቶው የሚታየውም በቴሌቪዥን ነው። ገቢው ከፊልም የነበረው ኮዳክ ግን ፈጠራውን ወደ ገበያ ለማውጣት አልቸኮለም። በጥር 2012 እ.ኤ.አ. የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

ነጭ የሀገር ልብስ የለበሰ ሰው ሲያነሱ ነጠላው አመድማ፣ ፊቱም የጠቆረ ሆኖ ይወጣብዎታል? ጥፋቱ የካሜራው የብርሃን መለኪያ ነው። መለኪያው የተሠራው ከፊቱ ያለው ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው በሚል እሳቤ ነው። ክፈፉ በነጭ ሲሞላ “ብርሃን በዛ” ብሎ ይቀንሳል። በጥምቀት ዕለት ይህ ሺህ ጊዜ ይደገማል፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ብዙ ሰው ሌንሱን መውቀሱ ነው። መፍትሔው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ነው፦ አንድ ይደምሩ፣ ያንሱ፣ ከዚያ በማሳያው ላይ አጉልተው የነጠላውን ክር ይመልከቱ። ክሩ እየታየ ፊቱም ከበራ ደርሰዋል። ክሩ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ከሆነ አብዝተዋል፤ ትንሽ ይመለሱ፣ ምክንያቱም አንዴ የነደደ ነጭ በኋላ አይመለስም። ክፈፉን የሚሞላው ጥቁር ካባ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ይቀንሱ።

አንድ ኤ4 ገጽ በጥሩ ጥራት ለማሳተም የሚያስፈልገው 9 ሜጋፒክስል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ያለው ሰው ለቁጥር ሲል አዲስ ባይገዛ እመክራለሁ፤ ገንዘቡን ለጥሩ ሌንስ ያውለው።

ያገለገለ ካሜራ ሊገዙ ነው? ውጫዊ ውበቱ አያታልልዎ። ሜካኒካል ሸተር (ለብርሃን የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) እንደ መኪና ጎማ ያልቃል። አምራቾቹ ለአነስተኛ ካሜራዎች ወደ 100,000 ገደማ፣ እንደ ካነን 1ዲኤክስ ማርክ 3 ላሉት ደግሞ 500,000 ጊዜ ይገምታሉ። ኒኮንን በመሳሰሉ ካሜራዎች ሸተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ በፎቶው ፋይል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ፎቶ አንስተው ያስነብቡት።

ብዙ ካሜራዎች ቪዲዮ ሲቀርጹ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ያቆሙ የነበረው በቴክኒክ ችግር ብቻ አልነበረም። በአውሮፓ ኅብረት የጉምሩክ ምደባ 30 ደቂቃ መቅረጽ የሚችል መሣሪያ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ተቆጥሮ ተጨማሪ ቀረጥ ይጣልበት ነበር።

ከሜሞሪ ካርድ ላይ የተሰረዘ ፎቶ ወዲያው አይጠፋም። የሚጠፋው ከዝርዝሩ ነው፤ ምስሉ ሌላ ፎቶ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው አለ። የልጅዎን የልደት ፎቶ በስህተት ቢሰርዙ ማንሳትዎን ያቁሙ፣ ካርዱን ያውጡ፣ ከዚያ ፎቶሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ይፈልጉ። አንድም ፎቶ አይጨምሩበት!

የፋይሉ ስም ቁጥርም ልብ ይባል። ከ0001 ተነስቶ 9999 ሲደርስ እንደገና ከ0001 ይጀምራል። ሁሉንም ፎቶ በአንድ ፎልደር የሚያከማች ሰው አዲሱን በአሮጌው ላይ ሊጽፍበት ይችላል፤ በየቀኑ ለየብቻ ፎልደር ይክፈቱ።

ሰርግ በሁለት ካሜራ የምታነሱ ደግሞ ሰዓታቸውን አስቀድማችሁ አስተካክሉ፤ አለበለዚያ በኮምፒውተር ሲደረደሩ ሙሽሮቹ ከቤት ሳይወጡ ኬክ ይቆርሳሉ። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ለካሜራው 8 ሰዓት መሆኑን አትርሱ።

ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የድምቀት እርከን ይይዛል። 14 ቢት ያለው ሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀነባብር የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) 16,384 ይይዛል፤ ጥላ ውስጥ የጠፋ ፊት ከሮው ላይ ተስቦ የሚወጣው ለዚህ ነው። ሮው ፋይል ለማስተካከል የግድ በየወሩ መክፈል አያስፈልግም። ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ የተባሉት ፕሮግራሞች ነፃ ናቸው፤ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራሉ፤ ከዓመታት በፊት ያነሷቸውን ሮው ፋይሎችም ይከፍታሉ።